በልጄ ስም የፈረምኩት

መርሳ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፤

ቀኑን አስመሽቶ ሌሊቱን የሚያነጋ ጌታ ስሙ ይመስገን። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ሰላምታዬን ባላሳጥር ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ካልቸኮልኩ እንደ ሁልጊዜው ሳልናገር ነው ወረቀቱ የሚያልቅብኝ።

በድዬሻለሁ። አንቺንም፣ ልጄንም።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥር 2015 ላይ፣ ባለቤቴ እህትሽ ፋንቱ አልጋ ላይ ሳለች፣ ለልጃችን ለሜላት የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል መጥቶላት ነበር። ትምህርቱ ይኸው አሁን ደሴ የምትማረው፣ አንቺ የምትከፍዪበት ነው፤ ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ የሚሉት፣ የበሽተኛውን ካርድ ከመደርደሪያ አውርዶ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያኖረው። ያን ጊዜ ግን ወጪውን በሙሉ የሚችለው መንግሥት ነበር። ደመወዟም ሳይቋረጥ።

ሜላት ሥራዋ ላይ ውርጌሳ ጤና ጣቢያ ነበረች፤ የዚያ የስልክ መስመር ደግሞ ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር። ስለዚህ የወረዳው ጤና ቢሮ መልእክተኛ ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ወደ እኔ ጎሚስታ ነው። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ «ጋሽ ዓለምነህ፣ ያድርሱላት፤ የምሥራች ነው» ብሎኝ ሄደ። ከፍቼ አነበብኩት። በአምስት ቀን ውስጥ ዋስ ይዛ ትቅረብ፣ ካልፈለገችም በጽሑፍ ታሳውቅ፣ ዕድሉ ለተጠባባቂው ይሰጣል ይላል።

አላደረስኩላትም። ሦስት ቀን ዳዊቴ ውስጥ አኖርኩት። በአራተኛው ቀን ከጀርባው «እናቴ በጽኑ ስለታመመች ዕድሉን ትቻለሁ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ «ሜላት ዓለምነህ» ብዬ ፈረምኩ። ራሴው ወስጄ ሰጠሁ። አባቷ ነኝና ማንም አልጠየቀኝም።

ተጠባባቂው ናትናኤል ነበር፤ አብሯት የሚሠራ፣ ትሑት ሰው። ዕድሉ ለእሱ ሄደ። ሜላት «ትተሽዋል» ቢሏትም የተፈጠረ ሰበብ መስሏት «በጉቦ ነጠቀኝ» ብላ አመነች። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ተነስታ ፊት ለፊቱ «ሌባ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። እኔም ይህን ሁሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ሜላት ሌላ ዕድል ይመጣል ብላ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀች፤ አልመጣም። በመጨረሻ ከፍላ ለመማር ቆረጠችና ወደ አንቺ ደወለች። የሆነው ይህ ነው።

ዛሬ ለምን ተናገርክ ትዪ ይሆናል። ሜላት የክፍል ትምህርቱን ጨርሳ ጽሑፉ ብቻ ስለቀራት ቅዳሜና እሑድ ወደ እኔ ትመጣለች። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ «አክስቴ የመጨረሻውን ክፍያ ለመሙላት ውሏን ሁለት ዓመት አራዘመች፤ ለፋሲካ ልትገባ ነበር እኮ» አለችኝ። ጉርሻው ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ነው። ጎረስኩት።  በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ቄስ አብርሃም ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። «ለእግዚአብሔር ነግረሃል፤ የቀሩት ሁለት ሴቶች ናቸው» አሉኝ። ከሁለቱ አንቺን ያስቀደምኩት ሩቅ ስለሆንሽ ነው። ይህንንም አልደብቅሽም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እስክትመረቅ ድረስ ለሜላት አትንገሪያት። የመጨረሻው ክፍያ ጥር ሳያልቅ መግባት አለበት፤ ካልገባ የመመረቂያ ጽሑፏን አይቀበሏትም። እሱን ብቻ ላኪላት። ከዚያ በኋላ በእኔ የፈለግሽውን ፍረጂ።

ይህን ወረቀት በስልኩ አንስቶ የሚልክልሽ ፎቶኮፒ ቤት ያለው አብዱልሐሊም ነው፤ ሜላት እንዳታየው ብዬ ነው። «እንደማላነበው ይወቁ ጋሼ፤ ላንብበው ብልስ መቼ ይነበባል፣ የሐኪም ጽሑፍ ነው» አለኝ።

ዓለምነህ


ማናማ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ዓለምነህ፤

እናቴ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ እንዳልጀምር አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። እንዴት ነህ። ይኸው፣ አልኩ።

ፋንቱን ስታገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ፣ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ። በቅቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ።

መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በጀመርኩ ቁጥር የምጽፈው ስድብ እየሆነብኝ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ የማስታምመውን ሽማግሌ ሾርባ እያጠጣሁ ሳለ ነው። ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት፣ እንደ አንተ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። በቀን አራት ጊዜ ከአልጋ አነሳዋለሁ፣ አራት ጊዜ እመልሰዋለሁ። ወገቤ ሲቆረጥ «ግድ የለም፣ ለሜላት ነው» እላለሁ። ለካ ሜላት አልነበረችም የጠየቀችኝ። በነጻ የመጣላትን መልሰህ ለእኔ የሸጥከው አንተ ነህ።

የፋንቱን ሕመም ሰበብ አታድርግ። ያን ጊዜ በስልክ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? «ሜላት ማመልከቻ አስገብታለች፣ በይ ጸልዪላት» ነው ያለችኝ። ድምፅ አጥሯት፣ በሹክሹክታ። አንተንስ አልጠየቀችህም? «ደብዳቤው አልመጣም ወይ» አላለችህም? ምን ብለህ መለስክላት? ይህን ጻፍልኝ።

መደበቅ ዛሬ አልጀመርክም። እህቴ ከሞተች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ «ተሽሏታል፣ አሁን ተኝታለች» ስትለኝ ከርመሃል። መርዶ በማለዳ፣ ወገን ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እሷ እዚያ የሚደግፋት የላትም ብላችሁ። እሺ፣ እሱን ይቅር ብያለሁ፣ ወግ ነው። የሞት መርዶ የሚደበቅበት ወግ አለ። የምሥራች የሚደበቅበት ወግ ግን በየትኛው አገር ነው ያለው?

ክፍያውን አልልክም። ገንዘቡ እጄ ላይ ነው፤ ተቀምጧል። ለሜላት የነገርካት ዕለት፣ እሷው ራሷ ደውላ «ሰማሁ» ያለችኝ ዕለት፣ በዚያው ቀን ይገባላታል። አንተ ግን እንዳትደውልልኝ። ድምፅህን ከሰማሁ አፌን አልችለውም። ደግሞ የጻፍከውን ነገ «አላልኩም» ማለት አትችልም።

ጽጌ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፤

በያለሽበት ጥላው አይለይሽ። ጾሙን እንዴት ይዞሻል? እዚህ ይመስገን ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ተቆጣሁ። በደለኛ ይቆጣል ወይ ብትዪ፣ ይቆጣል፤ እንዲያውም ይብሳል። አንተ በማለትሽ አይደለም፤ እሱ ይገባኛል። «ሰበብ አታድርግ» ባልሽው ነው። አንቺ እህትሽን አንድ ቀን አላገላበጥሻትም። ሜላት የምትመጣው ቅዳሜና እሑድ ነበር። የቀሩትን አምስት ቀናት እኔ ነበርኩ። ቸርኬ የሚፈታ እጅ የሰው ገላ ማጠብ እስኪለምድ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ አታውቂም። ቆሻሻውን ጎረቤት እንዳያይብኝ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርጄ አጥቤያለሁ። አንቺ ገንዘብ ልከሻል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዘብ ግን በሽተኛ አያገላብጥም። ለቀብሯም አልነበርሽም፣ ለተዝካሯም አልነበርሽም። እንግዲህ ፈራጅ ከሆንሽ ይህንንም ፍረጂው።

ጠይቀሻልና ልመልስልሽ። አዎ፣ ጠይቃኛለች። «አልመጣም» አልኳት። «ይመጣል፣ ልጄ የለፋች ናት» አለችኝ። ወረቀቱ ያን ጊዜ ከራስጌዋ፣ ዳዊቱ ውስጥ ነበር። ከሰጠሁት በኋላም እስክትሞት ድረስ በየሳምንቱ ትጠይቀኝ ነበር። እኔም በየሳምንቱ አንዱን ቃል እመልስላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን በቃሌ ነው የምደግመው፤ አልገልጠውም።

ሌላም ልንገርሽ፤ ለቄሱ ያልነገርኩትን። ባለፈው ማክሰኞ ናትናኤል ሱቄ መጣ። አሁን ወልድያ ነው የሚሠራው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና መርሳ መግቢያ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ እየገፉ አመጡት። ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«እንዴት ነዎት ጋሼ? ሜላት ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ይመስገን።»

«ልትጨርስ ነው አሉ። እሷ እኮ ከሁላችንም ትበልጣለች፤ እኛ የምንጠፋበትን እሷ በአንድ ቀን ነው የምታየው።» ቀጠለና «ጋሼ፣ አይቆጡኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ምን አድርጌያት ነው? ተጠባባቂ ነበርኩ፣ ጠሩኝ፣ ሄድኩ። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ሚስቴ እንኳ አንዳንዴ ‹እውነቱን ንገረኝ፣ ሰጥተህ ነው ወይ› ትለኛለች» አለኝ።

ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ከጎማው አውጥቼ ውኃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አረፋው ይወጣል። «ሁለት ቦታ ነው የተበሳው» አልኩት።

ገንዘቡን አልቀበልም ስለው፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ አስቀመጠውና «ተዉ ጋሼ፣ በነጻ የሚመጣ ነገር እኔን አይበጀኝም» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ሆኖም አሁን ለሜላት ብነግራት ትምህርቱን ትጥለዋለች። እልኸኛ ናት፣ አውቃታለሁ። ሰኔ ድረስ ታገሺኝ። ክፍያውን ላኪ።

ዓለምነህ


ማናማ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ዓለምነህ፤

ልደትን በሰላም አሳልፈህ ይሆናል። እኔም አሳልፌያለሁ።

ሰውየው ትዳሩን አውጥቶ አሳየህና አንተ «ሁለት ቦታ ነው የተበሳው» አልከው! ሳነበው ተነስቼ ኩሽና ውስጥ ዞርኩ። እመቤቲቱ «ምን ሆነሻል» አለችኝ። ምን ልበላት? የእኛን ሰው በየትኛው ቋንቋ ልተርጉምላት?

እህትሽን አላገላበጥሽም አልከኝ። እውነት ነው። የሰው አባት ሳገላብጥ ነበር። ፓስፖርቴ በሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ፣ እህቴን የምታስታምምበት መድኃኒት የሚገዛው ከእኔ ወገብ ነበር። አንተ ግን ይህን የምታነሳው ለእህቴ ተቆርቁረህ አይደለም። እኔን ለማቁሰል ነው። አቁስለኸኛል፤ ደስ ይበልህ።

«ትምህርቱን ትጥለዋለች፣ አውቃታለሁ» ትላለህ። ዓርብ ማታ ሚኒባስ ተሳፍራ ደሴ፣ እሑድ ማታ ተመልሳ ውርጌሳ፤ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲዘጋ ተዘግቶባት፣ ሲከፈት እየሮጠች የተማረች ልጅ ናት የምትጥለው? ልጅህን አታውቃትም። የምታውቀው ራስህን ነው፤ እሱንም ገና በግማሽ።

ጥር ሊያልቅ ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል። መልሴ ያው ነው።

ጽጌ


መርሳ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጥምቀት በሰላም አልፏል። ታቦታቱም በሰላም ገብተዋል።

ከእንግዲህ ያንቺ ገንዘብ አያስፈልግም። ኮምፕሬሰሩን ለግራናው ጎሚስታ ለሙላቱ ሸጥኩለት። ማሽኑን ታውቂዋለሽ፤ ያኔ ፋንቱ ወርቋን ሰጥታኝ የገዛሁት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያበላን። ሙላቱ «ዓለምነህ፣ አብደሃል? ያለዚህ ጎሚስታ ምን ሊሠራ ነው?» አለኝ። «ልጄ ትመረቅበታለች» አልኩት። በአህያ ጋሪ ጭኖ ወሰደው። በማግሥቱ ሜላትን ይዤ ባንክ ገባሁና ክፍያው ተጠናቀቀ። ደረሰኙን ስትቀበል እዚያው ሰው ፊት ጉልበቴን ስማ አለቀሰች። ዘበኛው ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ።

አሁን በእጅ መንፊያ ነው የምሠራው። የባጃጅ ጎማ ይሞላል፤ የመኪናውን እመልሳለሁ። ይበቃኛል፤ አንድ ሆድ ነኝ።

እንግዲህ የበደሌን ካሳ ከፍያለሁ። በነጻ የሚማሩትን ነገር በገንዘብ አስከፈልኩ፤ ከገንዘቡም የመጨረሻውን ራሴ ቻልኩ። ያስቀመጥሽውን ይዘሽ ውልሽን አፍርሰሽ ግቢ። ነገሩም እዚህ ይብቃ። ሜላትን ለማወክ ካልሆነ በቀር አሁን መናገሩ የሚጠቅመው ሰው የለም። አንቺም ቃልሽ በገንዘብ የታሰረ ነበር፤ ገንዘቡ ቀርቷልና ቃሉም ቀርቷል።

ዓለምነህ


ማናማ፣ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ዓለምነህ፤

ጾሙ የምሕረት ይሁን። ለሁላችንም፣ ለአንተም ጭምር። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሜላት ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ አባዬ ለእኔ ብሎ መተዳደሪያውን ሸጠ። ሰው እንዲህ ያለ አባት ይኖረዋል?» እያለች ስታለቅስ ሰማኋት። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ካሳ ከፈልኩ ትለኛለህ? አንተ ካሳ አልከፈልክም። አፍህን ላለመክፈት ነው ኮምፕሬሰርህን የሸጥከው። በዚያ ላይ የእሷን እንባ በላዩ ጨምረህ ወሰድክ። ጉልበትህን ስትስም አልከበደህም? ወይስ ደስ አለህ? እኔ ደስ ያለህ ይመስለኛል። ከደብዳቤህ ያስታውቃል፤ ዘበኛውን እንኳ ሳትረሳ ጽፈኸዋል።

አስቤ ነበር፤ እኔው ልንገራት ብዬ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳታነሳ ዘጋሁት። አልነግራትም። እኔ ከነገርኳት ነገሩ የአክስት ክፋት ይሆናል። አንተ «ልጄን ከኔ አጣሉብኝ» ብለህ ደጅ ትቀመጣለህ፤ መርሳ ሙሉ ያምንሃል።

ውል እንደ ጎማ በፈለጉ ጊዜ አይፈታም። ሁለት ዓመቱን እጨርሳለሁ። ያስቀመጥኩት ገንዘብ ግን ከእንግዲህ የእኔ ነው፤ ለማንም አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህና ልሰናበትህ። ለምን? የፋንቱን ሕመም አትንገረኝ፤ ያ ከሆነ ፋንቱ ካረፈች በኋላ ለምን አልተናገርክም? ሜላት ዓመት ከመንፈቅ ደብዳቤ ስትጠብቅ፣ አንድ ንጹሕ ሰው ሌባ እየተባለ ሲኖር፣ ከማን ሕመም የተነሳ ነው ዝም ያልከው? ደሴ እኮ ነው፤ ባሕር ማዶ አይደለም።

ከዚህ በኋላ አልጽፍልህም። የምታነበው የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው።

ጽጌ


መርሳ፣ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽጌ፤

አትመልሺልኝ ይሆናል። አውቄ ነው የምጽፈው። ሥጋሽን ከድካም፣ ነፍስሽን ከእኔ ዓይነቱ ሰው ይጠብቅልሽ።

ለምን ብለሻል። ብዙ ቀን አሰብኩበት። ብቻዬን እንዳልቀር ነው። ፋንቱ እንደማትድን ሐኪሙ ለብቻዬ ነግሮኝ ነበር፤ ወረቀቱ ሲመጣ አውቅ ነበር። ሜላት ደሴ ብትሄድ ተምራ ትመለሳለች፣ ከዚያ አንዱ ትልቅ ከተማ ይወስዳታል፣ ቅዳሜ በሬን የሚያንኳኳ አይኖርም አልኩ። በሽተኛዋን የሚያገላብጥ ፈልጌ አልነበረም። ከበሽተኛዋ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ ነው የፈራሁት። ለዚህች ለትንሽ ነገር። ትልቅ ክፋት ትልቅ ምክንያት ያለው ይመስለኝ ነበር።

ደስ ብሎህ ነበር ብለሻል። እሱም እውነት ነው።

ባለፈው እሑድ ተራው የእኔ ያልሆነ ሰንበቴ ነበር። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ጽዋውን ይዞ ተነሳና «እንደ ዓለምነህ ያለ አባት ያብዛልን፣ ለልጁ ብሎ እንጀራውን የሰጠ» ብሎ መረቀኝ። ሁሉም አሜን አሉ። ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቄስ አብርሃም ብቻ ዓይናቸውን ከእኔ አንስተው መሬት መሬት አዩ። የንስሐ ነገር ነውና መናገር አይችሉም፤ የማያምኑበትን ምርቃት ግን አሜን አላሉም። አፋቸው እንዳልተንቀሳቀሰ አይቻለሁ።  ወልድያ የተቀመጠው ሰው በእኔ ፈንታ ሌባ ይባላል፤ እኔ መርሳ ተቀምጬ እመሰገናለሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቤቴ ዋልኩ።

ትናንት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ውርጌሳ ወረድኩ። ሥራ ሳትገባ ልድረስባት ብዬ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ስደርስ ገና መንጋቱ ነው። የተከራየችበትን በር አንኳኳሁ። ጋቢ ተከናንባ ከፈተች። አየችኝና ፊቷ ከሰል መሰለ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም…»

«አባዬ፣ ማን ነው? አክስቴ ናት?» ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ወደ አጥሩ ታያለች፤ ከኋላዬ የቆሙ ሰዎች ካሉ ብላ። «ሌሎቹ የት አሉ? ብቻህን ነው የላኩህ? ወይኔ አክስቴ!»

«ሜላት፣ ማንም አልሞተም። በማርያም፣ አክስትሽ ደህና ናት።»

«አትዋሸኝ! ለእሷም እናቴ ሞታ ሁለት ወር ደህና ናት ስትል ነበር!»

ደረቷን መምታት ስትጀምር የጎን ቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። «ምነው፣ መርዶ ነው? ልጄን፣ አይዞሽ ልጄን!» ብላ ታቅፋት ጀመር። «መርዶ አይደለም እቴ፣ ግቢ ግድ የለም» አልኳት። «እንዲያ ከሆነ በዚህ ሰዓት ሰው ቤት ምን ያስመጣል፣ ነፍሴን አወጡት!» ብላኝ ነጠላዋን እያስተካከለች ተመለሰች።

«ስልክሽን አውጪና ደውይላት» አልኳት። አንቺ ጋ ጠራ፤ «ሄሎ» ስትዪ ሰማሁሽ። ሜላት «አይ፣ በስህተት ነው አክስቴ» ብላ ዘጋችው። ትናንት ማለዳ የሆነብሽ ነገር ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። ግባ አላለችኝም፤ እኔም አልገባሁም። መልእክተኛውን፣ ዳዊቱን፣ የጻፍኩትን ቃል፣ ፊርማውን። 

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

«እናቴ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። አልመጣም እያልኳት ነው የሞተችው።»

«አክስቴስ?»

«ከኅዳር ጀምሮ ታውቃለች። ንገራት ብላ ለመነችኝ፣ ሰደበችኝ፣ ገንዘቡንም ከለከለችኝ።»

«ኮምፕሬሰሩስ?»

«ላለመንገር ነው የሸጥኩት።»

 ከዚያ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ባንክ ውስጥ ጉልበቴን የሳመችበትን። አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ደግማ። ጽጌ፣ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እጨርሰዋለሁ ትምህርቱን። እንዳትሰጋ» አለች። «ቅዳሜ ግን አልመጣም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! እሺ የምትለው አሁን ነው?»

 ልትዘጋው በሩን ያዘችና ቆመች። ቀስ ብላ «ሰው በተሰበሰበበት ሌባ ብዬዋለሁ» አለች። «አንተ በዚያው ሳምንት እራት ስትበላ ነግሬሃለሁ። ‹እንዲህ አልኩት አባዬ› ብዬሃለሁ። ምን አልከኝ?»

«‹እግዚአብሔር ይፍረደው› አልኩሽ።»

ስልኳን አነሳች። የናትናኤልን ቁጥር አልሰረዘችውም ነበር። ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርጋ ዘረጋችልኝ። 

«ሄሎ?» አለ። «ሜላት? ሜላት ነሽ? ምን ሆነሽ ነው በዚህ ማለዳ፣ ደህና ነሽ?»

ሜላት ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው። የጎን ቤቷ ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ግቢ አላልኳትም።

«ናትናኤል፣ ዓለምነህ ነኝ፣ የመርሳው ጎሚስታ» አልኩት። «ሜላት ዕድሉን አልተወችም። አንተም አልሰረቅህም። በስሟ ጽፌ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»